ከባነሩ ግርጌ ያለው ስም

ጉለሌ፣ ቁስቋም
መስከረም 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ እንድርያስ፣

ከወሬው በፊት ሰላምታዬ ይቅደም። አዲሱን ዓመት ገበያዎ የሚደራበት፣ ጉልበትዎ የማይዝልበት ያድርግልዎ። እኔ እመቤቴን አመሰግናታለሁ፣ አለሁ። እናትዎ እማማ የዓለምወርቅም አሉ። ከፍልሰታ ወዲህ ከአልጋ መነሳት ቢያቅታቸውም ምላሳቸው እንደ ድሮው ነው። ትናንት ገንፎ ሳጎርሳቸው «ጨውን የነሳሽው ለማን ልታስቀምጪ ነው?» አሉኝ።

ስልክ ጆሯቸው ላይ ሳስጠጋ «ማነው የሚያጉረመርመው?» ይላሉ። ደብዳቤ ግን ጆሯቸው ሥር ጮክ ብዬ ሳነብላቸው አንድ ቃል አያመልጣቸውም፤ ከዚያ ወረቀቱን ተቀብለው ትራሳቸው ሥር ይወሽቁታል። ስለዚህ ይጻፉላቸው። ኢታና ከሽሮ ሜዳ የሀገር ልብስ እየጫነ ወደ እርስዎ አገር ሲመላለስ ወረቀት መያዝ አይከብደውም።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልምጣ። እርስዎ የአባቴ አክስት ልጅ ነዎት፤ ቅርብ ባይባሉም ሩቅ አይደሉም። እናትዎን ልጦር ከገባሁ አምስት ዓመቴ ነው። «እማዬን እስከጠበቅሽ ድረስ የፊት ለፊቷን ክፍል ስሪባት» ብለውኝ «ደሳለች ህትመት» ብዬ ከፍቼባታለሁ። ቲሸርት አትማለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ባነር ሲታዘዝልኝ ፒያሳ ወስጄ አሳትማለሁ። ከመንገዱ ማዶ ግን ካሣዬ የሚባል ሰው የራሱን የባነር ማሽን አስገብቶ ደንበኞቼን አንድ በአንድ እየለቀመ ነው። ሱቋ ከተዘጋች መሄጃ የለኝም፤ እንጀራዬም እሷ ናት፣ ማታ ፍራሼን የምዘረጋውም እዚያው ነው። ማሽን መግዣ የሚሆን ቢደግፉኝ ውለታዎን እናትዎን በማገልገል እመልሳለሁ።

ታዛዥዎ
ደሳለች


ደርባን
ኅዳር 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለደሳለች፣

ሰላምሽ ይብዛ። የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ለእሷ የጻፍኩት ለብቻው ታጥፏል፤ ጆሮዋ ሥር አንብቢላት።

ገንዘብ አልልክልሽም። አትቀየሚ፤ ብትቀየሚም ያው ነው። እኔ ማሽን ብገዛልሽ ካሣዬ ነገ የባሰውን ይገዛል፤ በአንቺና በእሱ እልህ መሀል እኔ ምን አገባኝ? ሐሳብ ግን እሰጥሻለሁ። እኔን እዚህ አገር ያቆመኝ ሐሳብ ነው። ደርባን የገባሁ ሰሞን መጋረጃ በትከሻዬ ተሸክሜ በር ለበር ስዞር የሚገዛኝ ጠፋ። አንድ ቀን ለአንዲት ሴትዮ መስኮቷ ላይ በነጻ ሰቀልኩላት። በሳምንቱ የመንገዱን ቤቶች በሙሉ እኔው ነበርኩ የማለብሳቸው። ለማስታወቂያ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው አፍ ያልፈጠረበት ነው።

አንቺ ጥግ ይዘሽ ተቀምጠሽ ደንበኛ አይመጣም። ከሽሮ ሜዳ ወደ ቁስቋም የሚወጣው ታክሲ ደጅሽ ላይ ያልፋል። ያ ቦታ ድሮ «ባሕር ዛፉ ጋ» ነበር የሚባለው፤ ባሕር ዛፉ ተቆርጧል ብለውኛል። ስም ያጣ ፌርማታ ደጅሽ ላይ ተቀምጦ አንቺ ማሽን ትለምኛለሽ። ረዳቶቹን ያዢ። ለእያንዳንዳቸው ቲሸርት አትሚላቸው፣ ጀርባው ላይ የሱቅሽ ስም ይኑር፤ እነሱም በለውጡ ፌርማታውን በስምሽ ይጥሩ። በሁለት ወር ውስጥ ሱቅሽን የማያውቅ የሰፈር ሰው ከተገኘ እኔ ነጋዴ አይደለሁም።

አንድ ነገር ደግሞ ቀድሜ ልንገርሽ፣ በኋላ አልሰማሁም እንዳትይ። ሞት ለማንም አይቀርም። እማዬ የተጠራች ቀን ያ ክፍል ይከራያል ወይ ቤቱ በሙሉ ይሸጣል። ካርታው በእኔ ስም ነው። ክፍሏ የአንቺ የሆነችው እማዬ እስካለች ነው፤ ስለዚህ ደህና አድርገሽ ጠብቂያት።

እንድርያስ


ጉለሌ፣ ቁስቋም
ጥር 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ እንድርያስ፣

እንኳን ለጥምቀቱ በሰላም አደረሰዎ። እዚያ ታቦት ባይወጣም የእዚህኛው በረከት ይድረስዎ።

ሐሳብዎ ሠርቷል፤ ልመርቅዎም ልቀየምዎም እያማረኝ ነው የምጽፈው። አዲስ ቲሸርት የምገዛበት ስለሌለኝ፣ አንድ ሰው ለምርቃት አሳትሞ ያልወሰዳቸውን አሥራ አንድ ቲሸርቶች ከሣጥን አወጣሁ። ደረታቸው ላይ «እንኳን ደስ አለሽ ሲና» ይላሉ። ጀርባቸው ላይ የሱቄን ስም ጨምሬ ለረዳቶቹ አደልኩ። አሁን ጢሙ ደረቱ ላይ የደረሰ ጎረምሳ «እንኳን ደስ አለሽ ሲና» ለብሶ «ቁስቋም፣ ቁስቋም፣ በደሳለች» እያለ ይጣራል። ተሳፋሪውም ለምዶት «ወራጅ አለ፣ ደሳለች ጋ» ይላል። ካሣዬ መንገድ ተሻግሮ መጥቶ «የእኔም ደጅ እኮ ነው፣ በስምሽ አስጠራሽው» አለኝ። «አንተም አትምና አልብሳቸዋ» አልኩት። ትንሽ ትንሽ ሥራ መግባት ጀምሯል።

እማማ ግን ደክመዋል። ጎናቸው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ አገላብጣቸዋለሁ፤ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀኝ ትቼ የምገባበት ጊዜ ብዙ ነው። ደብዳቤዎን ያነበብኩላቸው ዕለት ዕንባቸውን ጠርገው «ተይው፣ ሥራ አለው» አሉ። ከዚያ ወዲህ ግን በሩ በተንኳኳ ቁጥር «እንድርያስ ነው?» ይላሉ። ፎቶ ኮፒ ሊያስነሳ የመጣው ሁሉ እርስዎ ይመስላቸዋል። አይደለም ስላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ።

ጋሼ፣ የማሽኑን ነገር ትቼዋለሁ። መጥተው ይዩዋቸው።

ደሳለች


ደርባን
የካቲት 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለደሳለች፣

ሰላም ላንቺና ለእማዬ። ቀጣዩን ጾም በጤና ያስፈጽማችሁ።

መጥተህ እያት አልሽ። ከዚህ ወጥቼ ተመልሼ የምገባበት ወረቀት የለኝም፤ ኢታናን ጠይቂው። እኔ ብመጣ እማዬ አትድንም፣ ሱቄ ግን ይሞታል። ጭካኔ በይው። ከእኔ ደጅ የሚበሉ ልጆች እዚህም አሉ። ስለ መምጣት ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ፤ ለእሷም «ይመጣል» እያልሽ ልቧን አታንጠልጥይ።

ወደ ሥራው። ፌርማታው ስም አወጣልሽ፣ ጥሩ። አሁን ሰው የማይከራከርበት ሥራ ፈልጊ። ሰው ለሠርግ ዋጋ ይከራከራል፤ ለለቅሶ አይከራከርም። የዕድራችሁን ማስታወቂያ በነጻ አትሚላቸው። ማን እንደታመመ፣ ማን እንደጠናበት ከሁሉ ቀድመው የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የታማሚውን ፎቶ ቀድመሽ በእጅሽ አድርገሽ ጠብቂ። ካሣዬ ኮምፒውተሩን እስኪከፍት ያንቺ ባነር ድንኳኑ ላይ ይሰቀላል።

ከሁሉ የሚበልጠውን ደግሞ ስሚ። ውጭ አገር ያለ ልጅ የሚፈራው ምን መሰለሽ? «እናቱን ሳይቀብር ቀረ» መባልን ነው። እሱ ለቅሶ አይደርስም፤ ስሙ ግን ይደርሳል። ባነሩ ግርጌ «ልጃቸው እገሌ፣ ከካናዳ»፣ «ልጃቸው እገሊት፣ ከቤሩት» ብለሽ በትልቁ ጻፊለት። ሰፈርተኛው ቆሞ ያነበዋል፣ ልጁም ፎቶውን አይቶ ይጽናናል። ሁለተኛ ባነር ሳይለምኑሽ ያዝዙሻል። ከስሙ ሥር ስልክሽን አትርሺ። ያለ ስልክሽ ከሱቅሽ አንድ ወረቀት እንዳይወጣ፣ የገዛ እናትሽም ለቅሶ ቢሆን።

እንድርያስ


ጉለሌ፣ ቁስቋም
መጋቢት 21 ቀን 2016 ዓ.ም.
(ይህ ደብዳቤ ተጽፎ ሳይላክ የቀረ ነው)

ጋሼ እንድርያስ፣

ሰላምታውን ልለፈው። እማማ የዓለምወርቅ መጋቢት 14 ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት አረፉ። ላገላብጣቸው ስገባ ነው ያወቅሁት። ቁስቋም ማርያም ቀበርናቸው። ያልመጣ ሰው የለም።

ዕድርተኛው «ባነሩስ?» አለ። የሰውን ሁሉ ሳትም ከርሜ የእሳቸው ድንኳን ባዶ ይሁን? ራሴ ሠራሁት። እየተንሰቀሰቅሁ ፎቷቸውን አጸዳሁ፣ ፒያሳ ሮጬ አሳተምኩ። ከግርጌው «ልጃቸው እንድርያስ፣ ከደቡብ አፍሪካ» ብዬ በትልቁ ጻፍኩ። መካን ናቸው እንዲባሉ አልፈለግሁም። ከሥሩ ስልኬ ነበረ፤ ከልማድ ያስገባሁት ነው። አየሁት። አላጠፋሁትም።

ሰዉ ባነሩ ሥር ቆሞ «ወይ ልጅ፣ እዚያ ሆኖ እንኳን አልረሳቸውም» እያለ አደነቀዎት። የዕድሩ ዳኛ አቶ ተክለሃይማኖት «መርዶው ደርሶታል ማለት ነው?» ሲሉኝ «አዎ» አልኩ። ታዲያ ምን ልበል? ስምዎ ተሰቅሏል።

መርዶ በወረቀት አይነገርም። ሰዎች ተሰብስበው ማለዳ በርዎን ማንኳኳት ነበረባቸው፤ እዚያ ማንን እንደምልክ አላውቅም። ኢታናን ለመንኩት፤ «እኔ መርዶ ነጋሪ አልሆንም፣ ደብዳቤሽን ግን አደርሳለሁ» ብሎ ሸሸ። ይሄ አንዱ ምክንያት ነው፣ ለሰው የምናገረው። ሌላውን እርስዎም ያውቁታል። ይሄ ወረቀት በደረሰዎት ቀን ክፍሏ ትከራያለች፣ እኔም ፍራሼን ተሸክሜ እወጣለሁ። ዓይኔ ላይ ዕንባ እያለ እንኳን ይሄን ሳስብ ራሴን አገኘሁት። ከአንጀት ካለቀሱ ዕንባ አይገድም ይላሉ። እኔ ከአንጀቴ ነው ያለቀስኩት፣ ግን ወዲያው ደግሞ በሩን አየሁ።

እንደማልልከው እያወቅሁ ነው የጻፍኩት።

ደሳለች


ጉለሌ፣ ቁስቋም
ግንቦት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ እንድርያስ፣

እንኳን ለትንሣኤው በሰላም አደረሰዎ። የሞተ የሚነሳበትን በዓል በደስታ እንዳሳለፉት ተስፋ አለኝ።

ብዙ ሳልጽፍ በመቆየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው። እማማ ደህና ናቸው። በፋሲካ የዶሮ መረቅ ቀምሰዋል። ጉንፋን ይዟቸው ድምጻቸው ዘግቷል እንጂ ሌላ የሚያስከፋ ነገር የለም። የኅዳሩን ደብዳቤዎን ደግሜ አንብቤላቸው መልሰው ትራሳቸው ሥር አስቀምጠውታል።

የባነሩ ሐሳብዎ ነው ያተረፈኝ። እዚሁ ሰፈር አንዲት እናት አርፈው ነበር፤ ውጭ ያለ ልጃቸውን ስም እርስዎ እንዳሉት ከግርጌው ጻፍኩ። ያንን ያየ ሁሉ ለራሱ ፈለገው። ሰዉ ፎቶ አንስቶ ውጭ ላሉት ልጆች ላከው፣ እነሱም እርስ በርስ ተላላኩት። በአርባው ቀን ከቤሩት፣ ከቶሮንቶ፣ ከጅዳ ተደወለልኝ። ካሣዬ የማሽኑን አቧራ እየጠረገ ይውላል። አንድ ባነር እንዲህ ያደርጋል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

ደሳለች


ደርባን
ሰኔ 29 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ለደሳለች፣

እንደምን ሰነበትሽ? እማዬን እንዲህ ተንከባክበሽ ያቆየሽልኝ ዋጋሽን ከላይ አግኚው። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መረቁን ስትቀምስ ምን አለች? ጨው ነሳሽኝ አላለችሽም? ሁሉንም ጻፊልኝ። ከእንግዲህ አጭር ደብዳቤ አልቀበልም።

አንድ ነገር ጠይቂልኝ። አባዬ ከመሞቱ በፊት ለእማዬ የገዛላት የወርቅ የአንገት መስቀል ነበር። የት እንዳስቀመጠችው ጠይቂያት። ለጥምቀት ወረቀቴ ተስተካክሎልኝ ስመጣ እሱን አስሬላት ፎቶ ልነሳ እፈልጋለሁ፤ ይሄንንም ንገሪያት፣ ደስ ይበላት።

ስለ ሱቁ ደግሞ አሁን እጅሽን አትሰብስቢ። ስምሽን ሰው ይዞታል፤ የቀረሽ ቤቷ ስሙን መምሰሏ ነው። ከታክሲ የወረደ ሰው መጀመሪያ የሚያየው በሩን ነው። ያንን የቆርቆሮ በር ጣይና የብረት መዝጊያ አስገቢ። ግድግዳውን ቀቢው፣ ወለሉን ሴራሚክ አልብሺው፣ የስም ሰሌዳው ደግሞ ከታች ከመታጠፊያው እንዲታይ ከፍ ብሎ ይሰቀል። አትሳሺ። እማዬ ገና ትኖርልሻለች፤ ደክመሽ የሠራሽበትን ማን ይነካብሻል?

ወንድምሽ
እንድርያስ


ጉለሌ፣ ቁስቋም
ሐምሌ 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩና ለምወድዎ ጋሼ እንድርያስ፣

እህቴ ብለው ሲጽፉልኝ ይሄ የመጀመሪያዎ ነው። እግዜር ይባርክዎ ብዬ ተቀብዬዋለሁ።

ያሉኝን አንድ ሳላስቀር አድርጌያለሁ። ዕቁብ ደርሶኝ ስለነበር እሱን በሙሉ አፈሰስኩበት። በሩ የብረት ሆኗል፣ ወለሉ ሴራሚክ ነው፣ ግድግዳውን ነጭና አረንጓዴ አስቀባሁት። የስም ሰሌዳው ሽቅብ ለሚወጣ ሰው ከመታጠፊያው ይታያል። እንጦጦ ማርያም ለመሳለም የሚሄዱ ማኅበርተኞች ሳይቀሩ ወርደው የጉዞ ቲሸርት አዝዘውኛል። ሰው ሆንኩ፣ ጋሼ። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ሲል የራሴ በር ኖረኝ።

እማማን ጠየቅኋቸው። መስቀሉ ሣጥን ውስጥ ነው፣ በነጠላ ጠቅልዬዋለሁ አሉ። ለፎቶው ያሉትን ስነግራቸው ፈገግ አሉ፤ «ጢሙን ተላጭቶ ይምጣ» ብለዋል። መረቁንም አዎ፣ ጨው ነሳሽኝ ብለው ነበር፤ እርስዎ እንዴት አወቁት? የእናት ልጅ ነዎት መቼም።

ሁልጊዜ ታዛዥዎ
ደሳለች


ደርባን
ነሐሴ 27 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለደሳለች፣

ሰላምታ የለኝም።

ሰኔ 8 ቀን፣ ቅዳሜ ገበያ ሞልቶልኝ መጋረጃ እየለካሁ ሳለ ሌንጮ ገባ። የቁስቋም ልጅ ነው፣ እዚህ ጫማ ይሸጣል። ኮፍያውን አውልቆ «እግዜር ያጽናህ፣ ዘግይቼ ነው የሰማሁት» አለኝ። «በማን?» አልኩት። ግራ ገብቶት ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። እማዬ ናት። ከግርጌዋ ስሜ። ከስሜ ሥር ስልክሽ። ሌንጮ ስሜን አይቶ የማውቅ መስሎት ነው፤ በእሱ አልፈርድም። ደንበኛዋ ጨርቁን በአንድ በኩል ይዛ ትጠብቀኝ ነበር። ለክቼ ቆርጬ ሸጥኩላት። ከዚያ ሱቁን ዘግቼ መጋረጃ መሀል ተቀመጥኩ። የሚይዘኝ ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ነው «እህቴ» ብዬ የጻፍኩልሽ። የት ድረስ እንደምትሄጂ ለማየት ነው። አባዬ የገዛላት መስቀል የለም። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት እማዬ ከአንገቷ ፈትታ «መንገድህን ክፈልበት» ብላ ሰጥታኝ፣ ሸጬው ነው እዚህ የደረስኩት። አንቺ ግን ሣጥን ውስጥ አገኘሽው። ፈገግ አለች አልሽኝ። የተቀበረች እናቴን አሳቅሽልኝ።

ክፍሏን ለካሣዬ አከራይቻታለሁ። በውክልና የፈረመልኝ ኢታና ነው፤ ሁሉን ያውቅ ነበር፣ የአንቺን ዝምታ ወደ እኔ የእኔን ወደ አንቺ ሲያመላልስ ከረመ። ካሣዬ መጀመሪያ ላይ እምቢ ብሎ ነበር። የብረት በሩንና ወለሉን ሲያይ ግን ሐሳቡን ለወጠ። ከሁሉ የወደደው ፌርማታውን ነው። ሰው «ደሳለች ጋ» ብሎ ወርዶ የሚገባው እሱ ዘንድ ነው። እስከ መስከረም 10 ቀን ትወጫለሽ። በሩን ነቅዬ እሄዳለሁ ብለሽ እንዳታስቢ፤ ግድግዳ ላይ የተተከለ የቤቱ ነው።

ይሄንን ጨርሼ ወረቀቱን ማጠፍ ነበረብኝ። አልቻልኩም። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እማዬ ከመሞቷ በፊት ምን አለች? አብረሻት የነበርሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ሁሉን ዋሽተሽኛል፣ ይሄን ግን ብትነግሪኝ አምንሻለሁ። እባክሽ ደሳለች።

እንድርያስ


ጉለሌ
ጳጉሜን 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

እንድርያስ፣

ደብዳቤህን ኢታና ጠረጴዛዬ ላይ ጥሎ ወጣ። ዓይኔን ማየት አቅቶታል። መልሴን የማይዝ ከሆነ ሽሮ ሜዳ መሀል እንደማዋርደው ስለነገርኩት ይይዘዋል።

ዋሸሁህ። አልክድም፣ ይቅርታም አልጠይቅህም። እኔ የዋሸሁት ከዚህ በር ስወጣ የማድርበት ስላልነበረኝ ነው። አንተ ግን እናትህ መሞታቸውን ባወቅህ በሦስት ሳምንትህ ቁጭ ብለህ ስለ ወለል ሴራሚክ የጻፍክ ሰው ነህ። የዕቁቤን ገንዘብ ግድግዳህ ላይ አስለጠፍከኝ። እኔ ሰው ምን ይላል ብዬ ስምህን ባነር ላይ ሰቀልኩልህ፤ እስከ ዛሬ ድረስ ሰፈሩ አንተን ደግ ልጅ ይልሃል፣ እኔን «የልጁን ቤት ልቀቂለት» ይለኛል። ይሄም ያንተ ይሁን።

ዕቃዬን አውጥቻለሁ። የት እንደሆነ አትጠይቅ። ካሣዬ የስም ሰሌዳውን እንድተውለት ለምኖኝ ነበር፤ በመዶሻ ሰባብሬ ደጁ ላይ ከመርኩለት።

ምን አሉ ላልከው፣ ተናግረዋል። ዓርብ ከሰዓት ነው፣ ከማረፋቸው በፊት ባለው ቀን። ስንት ሳምንት የዘጋ ድምጻቸው እንደ ጤነኛ ሰው ተከፈተ። ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም። የተናገሩት ስለ አንተ ብቻ ነው፤ አጭር አልነበረም። ሲጨርሱ እጄን ይዘው «ይሄን ንገሪው፣ እንዳለ ንገሪው» አሉኝ። እሺ አልኳቸው። አንድ ቃል አልረሳሁም። ምርቃት ይሁን እርግማን፣ ይቅርታ ይሁን ወቀሳ፣ እኔ አውቀዋለሁ።

አልነግርህም።

ደሳለች